የብሎክ 41 ልጅ ዕዳ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። እሑድ ጠዋት ነው። የምቀዳው ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው፤ ከቤቱ ሁሉ ጸጥ የሚለው እሱ ነበር። ነበር። አሁን ይሰማችኋል? ዱም... ዱም... ዱም። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ቡና እየወቀጠች ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ሙቀጫው የአንዷ ነው፣ ድምፁ የሁላችን ነው። ቆርጬ ላወጣው አስቤ ነበር፤ ግን የማወራው ስለ ቡና ስለሆነ ይቆይ።

ያለሁት አያት ነው። ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ስትወጡ ባቡሩ የሚያበቃበት ቦታ ማለት ነው። በ2008 ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ከዚህ ተነሥታችሁ ከተማውን አቋርጣችሁ ጦር ኃይሎች ድረስ 6 ብር ነበር። 6 ብር! አሁን ስናገረው እኔንም ውሸት ይመስለኛል። ያኔ ከብሎኮቹ ጀርባ ጤፍ ይታጨድ ነበር። ክረምት ላይ አስፋልቱ ጋ እስክንደርስ ጫማችንን በፌስታል ጠቅልለን ነበር የምንወጣው።

የእትዬ ቡናም እዚያው ነበር፣ ከብሎኮቹ ወደ አስፋልቱ በሚወስደው ጭቃ መንገድ ጥግ ላይ።

"ቡና ቤት" ብዬ ብጠራው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ቋንቋችን ይህን ስም ወስዶ ለሌላ ሰጥቶታል። እናቴ ደውላ "የት ነህ?" ብትለኝና "ቡና ቤት" ብላት፣ በሦስተኛው ቀን ከክፍለ ሀገር ሽማግሌ ይዛ ትመጣለች። ቡና ቤት ቢራ የሚጠጣበት ነው። ቡና የሚጠጣበት ደግሞ ስም የለውም። "ጀበና ቡና" እንላለን፣ ወይ ደግሞ በባለቤቷ እንጠራዋለን። እኛ "እትዬ ጋ" ነበር የምንለው። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ ስሜ በስልክ ይዙር የሚሉ ሴት አይደሉም።

አራት የእንጨት ምሰሶ፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ሰማያዊ ሸራ። መሬቱ ላይ ያ ሁላችሁም የምታውቁት የፕላስቲክ ሣር። እውነተኛ ቄጤማ የሚጎዘጎዘው ለዓመት በዓል ብቻ ነበር። ረከቦቱ፣ ከሰል ምድጃው፣ ማቶቱ ላይ የተቀመጠው ጀበና። ሰባት ዱካዎች ነበሩ፤ አንደኛው እግሩ የተነቃነቀ ነው። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አልተጠገነም። አዲስ ሰው ሲመጣ ሆን ብለን እሱ ላይ እናስቀምጠው ነበር። ሳይወድቅ ስኒውን ከጨረሰ የሰፈር ሰው ሆነ ማለት ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ረዳቶች ቆመው ይጠጣሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ሌሊት ያደሩ ጥበቃዎች ይመጣሉ፤ እነሱ ቡናውን የሚጠጡት ሊተኙ ሲሉ ነው። እንዴት እንደሚሆንላቸው እስካሁን አልገባኝም። 4 ሰዓት ላይ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ጋሼ፣ በጨው ነው የሚጠጡት። ስኳር የጨመረ ሰው ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። በዚያው ሰዓት ደግሞ እኛ እንመጣለን። እኛ ማለት ተመርቀን ሥራ የምንፈልግ ነን። 2010 ላይ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ አይተን፣ ሲቪ አባዝተን፣ የቀረን ሳንቲም ለታክሲ እንጂ ለቡና አይበቃም።

ዋጋው 5 ብር ነበር። ከነቆሎው። 5 ብሩም ከሌለ ደብተር አለ።

ስለዚህ ደብተር ብዙ ማውራት እችላለሁ። ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት የተማሪ ደብተር ነው። እትዬ ስም አይጽፉም። "ሚኒባሱ" አለ። "ጥበቃው ረጅሙ" አለ። "የጋሼ ተማሪ" አለ፣ ጋሼ አስተምረውት የማያውቁት ግን ጋሼ ሲያወሩ አፉን ከፍቶ የሚሰማ ልጅ። እኔ "የብሎክ 41 ልጅ" ነበርኩ። ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ ስሜ የተጻፈበት ብቸኛው መዝገብ እሱ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አንድ ቀን ዋጋው 7 ብር ሆነ።

አመፅን። እውነቴን ነው። አምስት ሆነን ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ሌላ ቡና ሻጭ ሄድን። ሦስት ቀን። የዚያኛዋ ቡና ውኃ ውኃ ይል ነበር፤ ግን መርህ ነው ብለን ጠጣን። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ከዚህ ማዶ ሆነው ጮኹብን፦ "እናንተ የተማራችሁ! ጆንያ ከሰል ስንት እንደገባ ጠይቃችኋል?" አልጠየቅንም ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ በአንድ እያንጠባጠብን ተመለስን። እትዬ ምንም አላሉም። ቀድተው ሰጡን።

በኋላ ሥራ አገኘሁ። ቦሌ ነው ቢሮው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የሚያሳፍረኝ። ቤቴን አልለቀቅኩም። ያው ብሎክ 41 ነኝ። ብቻ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ በወዲያኛው በር ነው የሚወስደኝ። ሲነጋ እወጣለሁ፣ ሲመሽ እገባለሁ። ለካ በሌላ በር መውጣት ብቻ ሰውን ከሰፈሩ ያሰድደዋል።

ቢሮአችን ሥር ካፌ አለ፤ ማኪያቶ 120 ብር። እዚያ ቁጭ ብዬ ስለ እትዬ ቡና ማውራት ጀመርኩ። "እኛ ሰፈር እኮ..." እያልኩ። የቆሎውን፣ የደብተሩን፣ የተነቃነቀውን ዱካ አወራለሁ። "ዘመኑ ሁሉ ሲለወጥ አንድ ያልተለወጠ ቦታ አለኝ" እል ነበር። ባልደረቦቼ ያዝኑልኛል፣ ይቀኑብኛል። ለ2 ብር ጭማሪ ያመፅኩት ሰው 120 ብሩን ሳልቆጥር እከፍላለሁ፣ ከዚያም በላይ ጉርሻ እጨምራለሁ፣ እየከፈልኩ ስለ 5 ብሩ ቡና እተክዛለሁ። የምተክዝለት ቦታ ደግሞ ከቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ለሁለት ዓመት አልሄድኩም።

ከጥቂት ወራት በፊት ሰርቪሱ ቀረና በድሮው መንገድ ወጣሁ። ጭቃው የለም፤ ሰፊ መንገድ ሆኗል፣ የእግረኛው መሄጃ ንጣፍ ገብቶለታል፣ የመንገድ መብራቱ እስከ ጥግ ድረስ ተተክሏል። ያምራል፣ አልዋሽም። ስንት ክረምት ጫማዬን በፌስታል የያዝኩ ሰው ነኝ፣ መንገድ አልጠላም። ግን ቆርቆሮው የለም። ሸራው የለም። የነበረበት ቦታ ላይ አበባ ተተክሎበታል።

ቆሜ አበባውን ሳይ አንድ የማውቀው ጥበቃ አየኝ። ረጅሙ። "እትዬን ነው? ከብሎክ 38 ጀርባ ናቸው፣ ልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ" አለኝ።

ሄድኩ። አሉ። ሦስት ጥቁር የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ረከቦት። በሩ ላይ የቴሌብር ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን። አዩኝና፣ "አንተ ልጅ፣ ሞተህ ነው እንዴ?" አሉኝ። ጉንጬን ሳሙ። እኔም ሰበብ ደረደርኩ።

ከዚያ ያን ቦሌ የለመድኩትን ንግግር ለእሳቸው ጀመርኩላቸው። "እትዬ፣ እርስዎ ጋ የነበረው ነገር እኮ... ምንም ያልተለወጠ..."

ሳቁ። ሳቃቸው ቆየ።

"ስኒውን ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ እኮ" አሉኝ። "በየጊዜው ትንሽ አነስ የሚል እየገዛሁ። 7 ብር ያልኩ ጊዜ ጥላችሁኝ ስትሄዱ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ቆሎውን ተውኩት፣ ፈንዲሻ አደረግኩት። ፈንዲሻውንም ለዓርብ ብቻ አደረግኩት። ዕጣኑን ጠዋት አንዴ። አላያችሁም።"

አላየንም። አስባችሁታል? እኔ እንደ ተአምር የማወራው "ያልተለወጠ" ቦታ በየስድስት ወሩ ይለወጥ ነበር። ዋጋው እንዳይነካን ብለው ሌላውን ሁሉ እሳቸው ሲነኩት ነበር የኖሩት። ዱካውም እንደዚያው። እኛ ለጨዋታ የተተወ ይመስለን ነበር። አናጢ የሚከፈለው ገንዘብ አልነበራቸውም።

አሁን ስንት ነው አልኳቸው። 30 ብር። ራሳቸው ያፈሩ ይመስል ቶሎ ብለው ማስረዳት ጀመሩ። ከሐምሌ 2016 በኋላ፣ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ስኳሩም ስኒውም ከሰሉም እንደጨመረ ነገሩኝ። "ቡናው ደግሞ ባሰ። ነጋዴውን ብጠይቀው ብራዚል ድርቅ ገብቷል አለኝ። ብራዚል ከእኔ ጋር ምን አላት?"

አላት፣ እትዬ። በ2017 ኒውዮርክ ገበያ ላይ አረቢካ ቡና አንዱ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ ከ1977 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን የሰበረ ዋጋ ነው፤ አንዱ ምክንያትም የብራዚል ድርቅ ነው። የውጭው ዋጋ ሲሰቀል የአገር ውስጡም ተከትሎት ይወጣል። የሚገርመው ግን ሌላው ነው። ምርጡ ቡና፣ ለውጭ ገበያ የሚሆነው ደረጃ፣ እዚህ አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕግ ለብዙ ዓመታት ከልክሎት ነው የኖረው። ለእኛ የሚቀርበው ከዚያ የተረፈው ነው። እትዬ ያንኑ ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፣ ይቆላሉ፣ እኛም "እንዲህ ያለ ቡና የትም የለም" እንላለን። ይህን አላልኳቸውም። ከጀበናው ፊት ቁጭ ብሎ ሌክቸር አይሰጥም።

ላጥር። ደብተሩን አስታወስኩና "አለ ወይ?" አልኳቸው። ልጃቸው ከውስጥ አመጣችው። ሽፋኑ ተገንጥሏል። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ገለጡ፣ ጣታቸውን እያወረዱ ፈለጉ። "ይኸው።"

የብሎክ 41 ልጅ፣ 15 ብር።

የሦስት ስኒ ዕዳ። ሥራ ሳገኝ ሳልከፍል ነው የጠፋሁት። በዛሬው ሒሳብ የግማሽ ስኒ ገንዘብ። 90 ብር አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ሦስት ስኒ በ30 ብዬ አስልቼ። 75ቱን መለሱልኝ።

"ደብተሩ ላይ ያለው 15 ነው።"

"እትዬ፣ ያኔ የሰጡኝ እኮ ሦስት ስኒ ነው፣ ይህ ግማሽ..."

"15 ነው የጻፍኩት፣ ልጄ።" እስክሪብቶ አንሥተው ሰረዙት። ከዚያ "ተቀመጥ፣ አቦል ደርሷል" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ስኒውን ሲሰጡኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። እውነትም ትንሽ ነው። የዛሬውን 30 ብር ግን በቴሌብር ላክሁ፣ ያንን አልመለሱም።

አሁን ሰርቪሱ የሚወስደኝ በወዲያኛው በር ቢሆንም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከብሎክ 38 ጀርባ ነኝ። ጋሼም ይመጣሉ፣ ጨዋቸውን በወረቀት ጠቅልለው ይዘው።

ይሰማችኋል? ሙቀጫው ቆመ። ጎረቤቴ ስትጨርስ ግድግዳውን ሁለቴ ትመታለች፣ ቡና ጠጣ ማለቷ ነው። ይኸው መታች። መጣሁ!