«ስንተኛ ልጅ ነህ?» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር ጤና ይስጥልኝ፣ ክላስ ውስጥ ጓደኛዬን «ስንተኛ ልጅ ነህ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ልጠይቀው ስል አፌ ተሳሰረ፣ ምን ነበር ማለት ያለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ ይሄ ያንተ እንግሊዝኛ ማነስ አይደለም፣ እንግሊዝኛ ራሱ «ስንተኛ» የሚል በየቀኑ የሚሰራበት ቃል የለውም። «ሃው ሜኒ» ብዛት ነው የሚጠይቀው፣ ተራ አይጠይቅም። ስለዚህ በዙሪያው ነው የሚኬደው፣ «አር ዩ ዘ ኦልደስት?» ብለህ ጠይቀው፣ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይነግርሃል። መልሱ ደግሞ በጣም አጭር ነው፣ ከአምስት ልጆች ሁለተኛ ከሆንክ «አይም ዘ ሰከንድ ኦፍ ፋይቭ» በቃ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ «አይ ሃቭ» ብለህ ስትጀምር ራስህን አትቆጥርም፣ እኛ «አምስት ነን» ስለምንል ብዙ ሰው «አይ ሃቭ ፋይቭ ሲብሊንግስ» ይልና ሰሚው ስድስት ናቸው ብሎ ይሄዳል፣ ትክክሉ ፎር ነው።

ጥያቄ፦ ሲብሊንግ ራሱ ወንድም ነው እህት?

መልስ፦ ሁለቱንም ነው፣ ፆታ አይለይም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ዘመድ ማለት ነበር፣ አሁን ባለው ትርጉም መሰራት የጀመረው በፈረንጆች 1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ፎርም ላይ በብዛት ታገኙታላችሁ፣ በወሬ ግን «ብራዘርስ ኦር ሲስተርስ» ማለቱ ይቀላል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ብራዘርስ ብዬ ስጽፍ ያቺን ከላይ የምትቀመጠውን ጭረት የት እንደማደርጋት ሁሌ ይጠፋብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ የሚጠፋሽ ጆሮ ስለማይለየው ነው፣ ጭረቷ ከኤስ በፊት ብትገባ፣ ከኤስ በኋላ ብትገባ፣ ጭራሽ ባትገባም ሶስቱም ሲነገሩ ድምፃቸው አንድ ነው። «ማይ ብራዘርስ ካር» ብለሽ ስትጽፊ ጭረቷ (አፖስትሮፊ ትባላለች) ከኤስ በፊት ከገባች መኪናው የአንድ ወንድምሽ ነው፣ ከኤስ በኋላ ከገባች የወንድሞችሽ የጋራ ነው ማለት ነው፣ ቦታዋ የመኪናውን ባለቤት ይቀይራል። «አይ ሃቭ ቱ ብራዘርስ» ላይ ግን ብዛት ብቻ ስለሆነ ጭራሽ አትገባም። የባልሽ ወንድሞች ከሆኑ ደግሞ ኤስ የምትጨመረው ብራዘር ላይ ነው፣ «ብራዘርስ ኢን ሎው» ነው የሚባለው።

ጥያቄ፦ «ሂ ኢዝ ኤልደር ዛን ሚ» ይባላል?

መልስ፦ አይባልም፣ ዛን ካለ ኦልደር ነው። ኤልደር «ማይ ኤልደር ብራዘር» ላይ ያምራል።

ጥያቄ፦ በአባት ብቻ የምንገናኝ ወንድም አለኝ፣ ስቴፕ ብራዘር ስል ሰው አረመኝ።

መልስ፦ ያረመሽ ሰው ልክ ነው፣ ስቴፕ ብራዘር በደም የማትገናኙት የእንጀራ አባትሽ ወይ የእንጀራ እናትሽ ልጅ ነው፣ በአንድ ወላጅ ከተገናኛችሁ ሃፍ ብራዘር ይባላል። ደግሞ ሃፍ የምትለዋ ቃል ከከበደችሽ ተያት፣ አብረሽው ያደግሽውን ልጅ «ማይ ብራዘር» ብትዪው የትኛውም ግራመር ስህተት ነው አይልሽም።