ሪፈር ከመጻፋችን በፊት

እሺ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ፣ ላወራ የፈለኩት ስለ ሪፈር ነው፣ ከገጠር ሆስፒታል በሽተኛ ወደ ከተማ ስለመላክ ማለቴ ነው።

ኢንተርን ሆኜ፣ የሕክምና ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ላይ ማለት ነው፣ ለገጠር አታችመንት፣ ለገጠር ልምምድ፣ የወጣሁት ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ደጋው ላይ ነበር፣ የሆስፒታሉን ስም ልተወው። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የገብስና የበግ አገር ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው፣ እሱ ደግሞ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ጂፒዎች፣ ጠቅላላ ሐኪሞች ማለቴ ነው፣ አሉ፣ ሚድዋይፎች አሉ፣ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ግን ሰርጂካል ኦፊሰሩ ነው። ሰርጂካል ኦፊሰርነት እንደ ፈረንጆቹ በ2009 የተጀመረ የማስተርስ ፕሮግራም ነው፣ ጤና መኮንኖችን አስተምሮ ሲ-ሴክሽንና ድንገተኛ ኦፕራሲዮን እንዲሠሩ ያደርጋል። እኛ ከተማ ውስጥ የተማርን ልጆች ስለነሱ ብዙም አናውቅም፣ እዛ ስትሄድ ግን ሌሊት ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣ ሁሉም ሰው የሚጠራው እሱን ነው።

አንድ ዲዩቲ ላይ አንድ አባት መጡ፣ ሰባ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገዱ አምጥተዋቸው ከዛ አይሱዙ ላይ ተጭነው ነው የደረሱት። ሆዳቸው ተወጥሯል፣ ሰገራም አየርም ከቆመ ቀናት አልፏል። ራጅ ሲነሱ ትልቁ አንጀት ተጠማዞ ያ መጽሐፍ ላይ የምናውቀው የቡና ፍሬ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሲግሞይድ ቮልቩለስ ነው፣ የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ላይ ተጠማዞ ሲዘጋ ማለት ነው፣ በኛ አገር በተለይ ሽማግሌ ወንዶች ላይ በጣም የሚታይ ነገር። አንጀቱ ገና አልሞተም ነበር፣ ሰርጂካል ኦፊሰሩ ቀስ ብሎ በፊንጢጣ ቱቦ አስገባ፣ አየሩ በአንዴ ወጣ፣ ሆዳቸው እያየነው ጎደለ። አባት «አልሐምዱሊላህ» ብለው ልጃቸውን ውሃ ስጠኝ አሉት። በሕክምና ትምህርት ቆይታዬ እንደዛ ደስ ያለኝ ጊዜ ብዙ አይደለም።

ግን ነገሩ እዛ ላይ አያልቅም። በቱቦ የተፈታ ቮልቩለስ ብዙ ሰው ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመለስ ደግሞ አንጀቱ ሊበሰብስ ይችላል፣ ስለዚህ ደሴ ሄደው ያ የረዘመው አንጀት ተቆርጦ መውጣት አለበት። እሳቸው ደግሞ ድነው! ሕመም የለ፣ ረሃብ መጥቷል፣ ገብሱ ሊታጨድ ደርሷል፣ እንዴት ብለው ነው ደሴ የሚሄዱት? ጠዋት ራውንድ ላይ «ልጄ እኔ ተሽሎኛል፣ አገሬ ልግባ» አሉ። ብዙ ቦታ ይሄ የሚያልቀው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ «አልታከምም» ብሎ ያስፈርሙና ካርዱ ይዘጋል።

ሰርጂካል ኦፊሰሩ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና «አባባ፣ ደሴ ማን አለዎት?» አላቸው። በቃ ስለ አንጀት አንድም ነገር አላለም በመጀመሪያ። የእህታቸው ልጅ እንዳለች፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ እንደምትኖር ነገሩት፣ እዛው ተደወለላት። ከዛ ማን ያስታምማል፣ ብሩስ፣ ገብሱስ እያለ ጠየቀ። ጤና መድን አላቸው፣ የሪፈር ወረቀት ከያዙ መታከሚያውን ይሸፍናል፣ የአስታማሚ ማደሪያና ምግብ ግን ከኪስ ነው፣ እና ለዛ በግ ይሸጣል፣ ሲብስ በሬ ይሸጣል። በሬ ተሸጦ የዳነ ሰው ለከርሞ በምን ሊያርስ ነው? ልጅየው ቆሞ ሲሰማ ቆየና «ገብሱን ደቦ ጠርቼ አሳጭዳለሁ፣ የተሸከሙህ ሰዎች አያጭዱልህም ወይ» አላቸው። አባት ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲያ ጻፉልኝ» አሉ።

እኔ ይሄን ነገር ሂስትሪ አወሳሰድ፣ በሽተኛውን ስለ ሕመሙና ስለ ኑሮው መጠየቅ፣ ነው የምለው። የሚያጨሱት፣ የሚጠጡት፣ የቤተሰብ በሽታ እያልን የምንሞላው ፎርም ላይ «የምትሄድበት ከተማ ማን አለህ» የሚል ጥያቄ የለም፣ ገጠር ላይ ግን በሽተኛው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል አይደርስም የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ኢንተርን ለገጠር ሲላክ ይሄን ሊማር መሆኑ ተነግሮት ቢወጣ ምናለበት እላለሁ፣ ብዙ ጊዜ ግን አታችመንቱ ፊርማ ተሞልቶ የሚያልፍ ነገር ነው የሚመስለው።

በርግጥ ለመነጋገር ጊዜ የማይሰጥም አለ። ኤክላምፕሲያ፣ ያ በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣው የሚጥል በሽታ ዓይነት፣ ይዟት እየተንቀጠቀጠች የመጣች እናት ማግኒዚየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ስር፣ 10 ግራም በሁለቱ መቀመጫ ተከፍሎ ትወስዳለች፣ ደም ግፊቷ በሌላ መድኃኒት እንዲወርድ ይደረጋል፣ ከዛ መላክ ካለባት አምቡላንስ ነው። እዛ ላይ ዋናው ነገር ወረቀቱ ነው። ማግኒዚየሙ ስንት ሰዓት እንደተሰጣት በግልጽ ካልተጻፈ ደሴ ያለው ዶክተር ቀጣዩን ዶዝ መቼ እንደሚሰጥ ከየት ያውቃል?

እና እናንተ ሪፈር የምትቀበሉ፣ ደሴም ጎንደርም ጥቁር አንበሳም ያላችሁ ጓደኞቼ፣ የሪፈር ወረቀቱ ታች የመልስ ቦታ አለው። ባዶውን ነው የሚቀረው፣ ወይ ጭራሽ አይመለስም። ለጋምቦ ያለው ሰው የላካቸው አባት ኦፕራሲዮን ይሠሩ አይሠሩ ማወቅ ይፈልጋል፣ ለሚቀጥለው በሽተኛ ምን ብሎ እንደሚያሳምን ከዛ ነው የሚማረው። ሁለት መስመር ጻፉና ለአስታማሚው ስጡት፣ ይዞት ይመለሳል።