የሳምንቱን ሥራ እንጻፍ
(በሐዋሳ በተካሄደ የአንድ ቴሌግራም ግሩፕ አባላት መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)

የግሩፓችን አባላት፣ ከታቦር፣ ከሃይቅ ዳር፣ ከቱላ የመጣችሁ፣ ከሻሸመኔ ድረስ የተሳፈራችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ብዙዎቻችን የምንተዋወቀው በፕሮፋይል ፎቶ ብቻ እንደሆነ አሁን በር ላይ ታዝቤያለሁ። ፎቶና ሰው እንደሚለያይም እንዲሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ የሃምሳ ሎሚውን ተረት ዘልዬ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሰኞ ሰኞ ግባችንንና የያዝነውን ሥራ ግሩፑ ላይ እንጽፋለን። በኔ እይታ ግን አብዛኛው የሚጻፈው ምኞት ነው። «ዘንድሮ የራሴን ድርጅት እከፍታለሁ»፣ «ጀርመንኛዬን እጨርሳለሁ» እንላለን። ከሥሩ የልብና የእሳት ምልክት ይዘንባል፤ «በርታ ወንድሜ»፣ «ፈጣሪ ይርዳሽ» ይባላል። ደስ ይላል፣ አልክድም። ችግሩ ደስታው ከሥራው ቀድሞ መምጣቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ ይህንኑ ፈትነው ነበር። ከፈተኗቸው መካከል የሕግ ተማሪዎች ይገኙበታል። ጥሩ የሕግ ባለሙያ ለመሆን ያሰቡትን ነገር ሌላ ሰው ያወቀላቸው ተማሪዎች፣ ሐሳባቸውን ማንም ካላየባቸው ይልቅ የተሰጣቸውን የሕግ ሥራ ቶሎ አቆሙ። ሰው ሲያውቅልን የደረስን ያህል ይሰማናል ማለት ነው። «ሳይሆን አይወራም» ያሉን እናቶቻችን ነገሩን በምቀኛ ቢያሳብቡትም፣ ጥናቱ ከእነሱ ወገን ነው።

ታዲያ ግሩፑን እንዝጋው? የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሃርኪንና ባልደረቦቹ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 138 ጥናቶች አንድ ላይ መርምረዋል። የሥራቸውን ሂደት እየተከታተሉ የሚመዘግቡ ሰዎች ግባቸውን የማሳካት ዕድላቸው ከፍ ይላል፤ የደረሱበትን ለሌላ ሰው ሲያሳውቁ ደግሞ ይበልጥ። እንግዲህ ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ያሰብነውን ማወጅ ያዘናጋል፣ የሠራነውን መናገር ግን ያበረታል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ከራሳችን ግሩፕ አንድ ነገር ላንሳ፤ የታሪኩ ባለቤት እዚህ አለች፣ ፈቅዳልኛለች። የልብስ ስፌት ሥራ ላይ ያለች እህታችን «ቢዝነሴን አሳድጋለሁ» ብላ ስትጽፍ ያገኘችው ልብና እሳት ብቻ ነበር። ቆይታ የአንድ ጃኬት ፎቶ ለጠፈች፤ ዚፑ ዙሪያ ጨርቁ ተሸብሽቧል። «እንዲህ እየሆነብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መስመር ላይ የሠራች ሌላ አባል ወዲያው በድምፅ መለሰችላት፦ «ክሩ በጣም ተወጥሯል፣ ላላ አድርጊው። ስፌቱን ረዘም አድርጊ። መኪናው ላይ ከመጫንሽ በፊት ዚፑን በእጅ ክር ያዝ ያዝ አድርጊው፤ ጨርቁን ደግሞ እየጎተትሽ አትስፊ።» በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ በከተማችን ሙያ የያዙ ብዙ እጆች እንዲኖሩ አድርጓል፤ «አሳድጋለሁ» ለሚል ጽሑፍ ግን ማንም ሙያውን አውጥቶ ሊሰጥ አይችልም። ምኑን ይይዘዋል?

ዕቁብ የምትጥሉ ታውቁታላችሁ። ዕቁብ ላይ ማንም ተነስቶ «ሀብታም እሆናለሁ» አይልም፤ የሳምንቱን ይጥላል። ካልጣለ ዳኛው ይደውላል። ስለዚህ የሰኞው ጽሑፍ በሁለት መስመር ይለቅ እላለሁ፦ ባለፈው ሳምንት የሠራሁት፣ አሁን የቸገረኝ። ግሩፑ ስለሰፋ አራት አራት እየሆንን እንከፋፈል፤ አንድ ሰው ድምፁ ሲጠፋ ከአራቱ አንዱ ለብቻው ይደውልለት፣ በአደባባይ ስሙ አይጠራ። «ምንም አልሠራሁም፣ ልጄ ታማብኝ ነበር» ብሎ መጻፍም ሙሉ ሪፖርት ይሁን።

የካፒታላችሁን መጠን፣ የደንበኛ ስም፣ ገና ያልተፈራረማችሁትን ውል ግን አትጻፉ። እዚህ ላይ ከእናቶቻችን ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የአድሚኖቹን ውሳኔ ሳልጠብቅ የኔን አሁኑኑ ላንብብ። የሠራሁት፦ ጓሮዬ ባሉት የአቮካዶ ችግኞች ላይ ሃስ ከሚባለው ዝርያ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቀጥዬ በላስቲክ አስሬያለሁ። የቸገረኝ፦ ከላይ የተቀጠለው ቅርንጫፍ ሳይያያዝ የሚደርቅብኝ አለ፤ ጥላው አንሶት ይሁን ማሰሪያው ላልቶ አልለየሁም። ችግኝ ጣቢያ የሠራችሁ ካላችሁ፣ በቡና ሰዓት ፎቶውን ላሳያችሁ።