በሽተኛም ይጠይቅ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ሰብሳቢያችን «ስለ ሆስፒታል ትንሽ ንገሪን» ብለውኝ ነው የቆምኩት። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ነርስ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በሽተኛ ሳስታምም ኖሬያለሁ።

እኛ በሽተኛ መጠየቅ እናውቅበታለን። ብርቱካኑን ገዝተን፣ ፔርሙሱን አንጠልጥለን ሰልፍ ነው። በሽተኛው ራሱ ግን አይጠይቅም። ሐኪሙ እንዳይቀየመው ይፈራል። ነርሷ ሥራ በዝቶባታል ብሎ ያዝንላታል። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ግን ይጎዳል።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የመድኃኒት ትሪዬን ይዤ ገባሁና አንድ ስም ጠራሁ። በሩ አጠገብ የተኙ እናት «አቤት ልጄ» አሉኝ። ክንዳቸውንም ገለጥ አደረጉልኝ። ልወጋቸው ስል፣ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ የተኛችው አስታማሚ ልጃቸው ቀና አለች። «የምን መርፌ ነው? እናቴ ማታ ተወግታለች እኮ» አለችኝ። ካርዱን አየሁ። የጠራኋቸው ሴት መስኮቱ ሥር ነበሩ። እኚህ እናት ጆሯቸው ስለሚከብድ፣ ማንም ቢጠራ አቤት ይላሉ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስም ጠርቼ አቤት እስኪሉኝ ከመጠበቅ፣ «ስምዎ ማን ነው?» ማለት ነበረብኝ። ያቺ ልጅ ግን ጠየቀችኝ፣ እናቷንም አዳነች።

ስለዚህ ስማችሁን እስከ አያት ተናገሩ። በአገራችን ስሙ ከነአባቱ የሚገጥም ሰው ሞልቷል። ኦፕሬሽን ልትገቡ ስትሉ ሦስት ሰው እየመጣ «ስምዎ ማን ነው? የትኛው እግርዎ ነው?» ቢላችሁ አትቆጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለኦፕሬሽን ክፍሎች ያወጣው የማረጋገጫ ቅጽ፣ በሽተኛው ከመደንዘዙ በፊት ስሙን፣ የሚሠራለትንና ቦታውን ራሱ እንዲያረጋግጥ ይላል። ካልጠየቋችሁ እናንተ ንገሯቸው። በዓለም ላይ ከ10 ታካሚ 1ዱ ያህል ህክምና ላይ ሳለ ጉዳት እንደሚደርስበት የሚናገረውም ይኸው ድርጅት ነው።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዙ፣ ባዶ ካርቶኑም ቢሆን። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው እስኪጠየቅ አይጠብቅ። የባህል መድኃኒት ወስዳችሁም ከሆነ አትደብቁን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? በዚህ የሚቆጣችሁ ባለሙያ ካለ፣ ጥፋቱ የእሱ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ፊርማ። ወረቀት ይመጣል። «እዚህ ጋ ፈርሙ» ይባላል። ወንድም ወይም ልጅ ይፈርማል፣ በሽተኛው እያየ። አእምሮው ሙሉ የሆነ አዋቂ ሰው ስለ ገላው መወሰን ያለበት ራሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ላይ፣ ሰው ምርመራም ሆነ ህክምና አልቀበልም የማለት መብት እንዳለው ይናገራል። እንደ ክትባት ያሉ በሕግ ግዴታ የሆኑትን ለይቶ ያስቀምጣል። ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ሕግ ነው፤ ዛሬም «ምን አገባህ» የሚባል በሽተኛ አለ። ህክምና እምቢ በሉ ማለቴ አይደለም። ሳይገባችሁ አትፈርሙ ነው የምለው። ምንድን ነው የምትሠሩልኝ? ምን ሊያስከትልብኝ ይችላል? ቢቀርስ ምን እሆናለሁ? በአማርኛ ይመለስላችሁ። አማርኛ ለማይችል በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።

ሚስጥራችሁንም ኮሪደር ላይ የሚያወራ ባለሙያ ካለ በሕግ ይጠየቃል። ጠያቂዎች ደግሞ፣ እባካችሁ እጃችሁን ታጠቡ፣ አልጋው ላይ አትቀመጡ።

ትናንሽ ካርዶች ይዤ መጥቻለሁ። ስም እስከ አያት፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ የማይስማማችሁ ነገር ይጻፍበታል። ማንበብ ለማይችሉ ልጆቻችሁ ይጻፉላቸው። ጥያቄ ያለው ሻዩ እስኪያልቅ በሩ ጋ ያገኘኛል። አመሰግናለሁ።