አዋሽ ሰባት፣ ባቡሩ የሚያድርባት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ አዋሽ ሰባት ባቡር ጣቢያ ላውራችሁ። አብዛኞቻችን አዋሽን የምናውቃት በአውቶብስ መስኮት ነው። ሙቀቱ፣ የተደረደሩት ከባድ መኪኖች፣ ምሳ፣ ከዚያ ጉዞ። ጣቢያውን ፈልጎ የሚሄድ ካልሆነ ልብ የሚለው የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀላል ምክንያት ነው። ድሮ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ ያድራል፣ ሁለተኛውን አዋሽ፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ድሬዳዋ የምትኖረው በአዳሪ ብቻ አልነበረም፤ የባቡሩ ጋራዥም እዚያው ነው። አዋሽ ግን ምን ነበራት? ወንዝ፣ በገደሉ ላይ የተዘረጋ ድልድይ፣ አቧራ የለበሰ መንገደኛ።

ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስና አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሀዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ። አዲስ አበባ በ1909 ሲገባ ምኒልክ አርፈዋል። ይቺን ባሰብኩ ቁጥር ታሳዝነኛለች። ያን ሁሉ ተሟግተው፣ ከተማቸው የገባውን ባቡር ሳያዩት!

ከጣቢያው አጠገብ ሰው «ቡፌ» የሚለው ሆቴል አለ። ለብዙ ዓመታት ያስተዳደሩት አንዲት ግሪካዊት ነበሩ። አንድ ጊዜ አድሬበታለሁ። ሙቀቱ አላስተኛ ስላለኝ በረንዳው ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ሀዲዱ ነው። ሲነጋ ወርጄ አየሁት። ከሀዲዱ ስር የተጋደሙት ብረት ናቸው፣ እንጨት አይደሉም። በዚያ በረሃ እንጨት ለምስጥ ቀለብ ነውና! በብረቶቹ መሃል ፍየል ሳር ትነጫለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ያ መስመር ያላየው የለም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሀዲድ ነው። በ1933 ጣሊያን ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፈረሰው። ጥር 5 ቀን 1977 ደግሞ፣ ስለ አዋሽ ባቡር እያወሩ ይህን መዝለል ነውር ነው፣ ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ድልድዩ ጋ ካለው ኩርባ ገብቶ ከሀዲዱ ወጣ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በ2009 ነው። የድሮው ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መሄዱን ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር። ወደ ኮምቦልቻና ሃራ ገበያ የተዘረጋው መስመርም የሚገነጠለው ከአዋሽ ነው። ስለዚህ ከተማዋ መገናኛነቷን የነጠቃት የለም። የተነጠቀችው አዳሩን ነው። አዲሱ ባቡር በአንድ ቀን ጅቡቲ ይገባል፤ ማን ይደርባት?

እኔን ከጠየቃችሁኝ የድሮውን ጣቢያ ሙዚየም አድርጉት አልልም። ገመድ ተወጥሮ «አትንኩ» ከተባለ ማንም ሁለቴ አይመጣም። አልጋ ይግባበት፣ ሽሮና ቀዝቃዛ ውሃ ይኑር። ደንበኛ እንደሆነ አይጠፋም፤ ሲመሽ አዋሽ የሚደርሰው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሁሉ ማደሪያ ፈላጊ ነው።