የአርሲው ስንዴ ጃፓናዊ አያት

[ምስል፦ የስንዴ ማሳ፤ እጅ አንድ አገዳ ይዟል]

ይህን አገዳ እዩት። ከሥሩ እስከ ዛላው ጫፍ ወገቤ አካባቢ ነው የሚደርሰው። አያቶቻችን ይዘሩት የነበረው የአገር ስንዴ ግን ደረት ድረስ ይመጣል፤ ጥጃ ቢገባበት አይታይም። ታዲያ ይህንን ማን አሳጠረው?

ከአርሲ ተነስተን ሩቅ ልንሄድ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፣ እንዳታምታቱብኝ።

መጀመሪያ ቁመት ምን ችግር እንዳለው። ገበሬ ጭድ አይጠላም፤ የከብቱ ቀለብ ነው፣ ከጭቃ ጋር ሲቦካ ደግሞ የቤቱ ግድግዳ ነው። ነገሩ የተበላሸው ማዳበሪያ ሲመጣ ነው። ዩሪያ የጠገበ ረጅም ስንዴ ዛላው ይከብደዋል፤ አንድ ቀን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ይመጣና ማሳው እንደ ሰሌን ይነጠፋል። ተጋሸበ ይባላል። መሬት የነካው ዛላ ወይ ይሻግታል ወይ እዚያው ይበቅላል። ማዳበሪያ ጨምሮ ምርት ማጣት ማለት ይህ ነው።

[ካርታ፦ ጥቁር ባሕር፣ ካንሳስ፣ ጃፓን]

ጃፓኖች ዳሩማ የሚሉት እግር አልባ፣ ድብልብል አሻንጉሊት አላቸው። አጭር ስንዴያቸውንም በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ዳሩማን ፉልትዝ ከሚባል የአሜሪካ ስንዴ ጋር አዳቀሉት። የተወለደውን ደግሞ ተርኪ ሬድ ከሚባለው ጋር። ተርኪ ሬድም ከአሜሪካ ይምጣ እንጂ ትውልዱ ሌላ ነው፤ በ1874 ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖች ከክሪሚያ አካባቢ ተሰደው ካንሳስ ሲሰፍሩ ይዘውት የገቡት ዘር ነው። ጎንጂሮ ኢናዙካ የሚባል ባለሙያ በኢዋቴ ሥራውን ከዳር አደረሰውና በ1935 ኖሪን 10 ተብሎ ወጣ።

በ1946፣ ጃፓን በተሸነፈች ማግስት፣ ሳሙኤል ሳልሞን የሚባል የሰብል ባለሙያ አገሪቱን ከያዘው የአሜሪካ ጦር ጋር እዚያ ነበር። ሞሪዮካ በሚገኝ የምርምር ጣቢያ ኖሪን 10ን አየው። ማዳበሪያ እንደ ልብ ተሰጥቶታል፣ ቁመቱ ግን 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አልወደቀም። ሳልሞን ዘሩን ወደ አገሩ ላከ፤ በዋሽንግተን ግዛት ኦርቪል ቮገል አዳቀለው፤ ከድቃዩም ጥቂት ፍሬ ሜክሲኮ ለነበረው ለስንዴ ተመራማሪው ለኖርማን ቦርሎግ ደረሰው። የመጀመሪያውን ዘር ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ በላበት። ከተረፈው ጥቂት ፍሬ እንደገና ሞከረ፣ ተሳካለት።

የዕጥረቱ ምስጢር ምንድን ነው? አገዳ የሚመዘዘው ጂብሬሊን በሚባል ሆርሞን ትእዛዝ ነው። ሆርሞኑ ኖሪን 10 ውስጥም አለ፤ እደግ ተመንደግ ይላል፤ ተክሉ ግን በያዘው ጂን ምክንያት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ለአገዳ ይውል የነበረው ጉልበት ወደ ፍሬ ይሄዳል።

ለእኔ ግን ከዕጥረቱ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላው ነው። ቦርሎግ ጊዜ ለመቆጠብ በዓመት ሁለቴ ይዘራ ነበር፤ በኅዳር በሰሜን ሜክሲኮ ሶኖራ ሜዳ ላይ፣ በግንቦት ቶሉካ ደጋ ላይ። ስንዴ የቀኑን ርዝመት አይቶ የሚያብብ ተክል ነው። ቀኑ በበጋ እጅግ ከሚረዝምበት አገር የመጣ ዘር፣ ቀንና ሌሊት እኩል ለእኩል በሆነበት አገር መቼ ማፍራት እንዳለበት ግራ ይገባዋል። በሁለቱም ቦታ ያልሆነለት እየተጣለ ሲሄድ የቀን ርዝመት ግድ የማይሰጠው ስንዴ ቀረ። ሶኖራ ላይ የተመረጠ ዘር ፑንጃብም አርሲም የሚበቅለው ለዚህ ነው። ህንድ በ1966 ብቻ 18 ሺህ ቶን ዘር ከሜክሲኮ አስጭናለች።

[ምስል፦ አሰላ]

ወደ እኛ እንመለስ። በ1967 በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቋመ፤ ከሜክሲኮ የመጡ ዝርያዎችም እየተመረጡ ለገበሬ ይሰጡ ጀመር። ላቀች በ1970 ወጣች፣ በ1977 ቢጫ ዋግ መታት። ዳሸን ተከተለ፣ እሱንም በ1988 ያው ቢጫ ዋግ። ከዚያ ኩብሳ መጣ።

ኩብሳን አርሲና ባሌ ውስጥ የማያውቀው ገበሬ የለም። ስሙ ግን እዚህ የወጣለት ነው። ሜክሲኮ ውስጥ አቲላ ከተባለው ድቅል የተገኘ ነው፤ ወንድሙ ህንድ ውስጥ ፒቢደብሊው 343፣ ኢራን ውስጥ ቻምራን ይባላል። አንድ ቤተሰብ በሦስት አገር፣ በሦስት ስም፣ ሚሊዮን ሄክታሮች ላይ። ዋግ ደግሞ የስም ለውጥ አያታልለውም። አንዱን የሚያሸንፍ የዋግ ዘር ከተነሳ ነፋስ ይሸከመዋል፤ ፓስፖርት አይጠየቅም። በ2010 ኩብሳና ገለማ የተባለው ሌላ ዝርያ በቢጫ ዋግ ሲመቱ ጉዳቱ ወደ 600 ሺህ ሄክታር ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያናድደው። ገበሬው ቢጫ ዋግ ወደማይደፍረው ዲገሉ ወደተባለ ዝርያ ዞረ፣ ብዙ ማሳ በእሱ ተሸፈነ። በ2013 ሌላው የዋግ ዓይነት፣ የግንድ ዋግ፣ መጣና ባሌ ላይ ዲገሉን አመድ አደረገው። የመታው የዋግ ዘር ቀደም ብሎ ቱርክ ውስጥ ታይቶ ነበር። ኩብሳን ያስመታው አንድ ዝርያ ላይ መደገፍ ነበር፤ በዲገሉም ያንኑ ደገምነው።

[ምስል፦ ባለ ሐምራዊ ፍሬ የአገር ስንዴ በመዳፍ ላይ]

ጉዞው የአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን በበቅሎ እየዞረ የስንዴ ዘር ሰብስቧል። ሌላ የእኛ ስንዴ፣ የውጭ ባለሙያዎች ኤስቲ 464 ብለው የመዘገቡት፣ አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ ድረስ ሄዶ የፓስታ ስንዴያቸውን ከግንድ ዋግ የሚከላከል ጂን አውርሷል። ሊድስ የተባለው ዝርያቸው የእሱ ልጅ ነው።

ደብረ ዘይት ላይ ከብዙ አገር የተላከ የፓስታ ስንዴ እየተዘራ ለዋግ የሚጋለጥበት የሙከራ ማሳ አለ። የላኩት ሰዎች የትኛው እንደሚተርፍ ማየት ይፈልጋሉ። ከአሜሪካ የመጡት ዝርያዎች ብዙዎቹ ያንን ከእኛ የሄደውን ጂን ይዘው ነው የሚመጡት። እሱን የሚሰብር የዋግ ዘር የተገኘውም እዚያው፣ ደብረ ዘይት ማሳ ላይ ነው።