ሰው በአፕ ሲሸጥ

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን። ጣት ማስታወቂያዎችን ወደ ላይ ይገፋል።]

ሶፋ። ያገለገለ መኪና። ቴሌቪዥን። ቀጥሎ የአንዲት ሴት ፎቶ፣ ከነዋጋዋ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የቢቢሲ ዐረብኛ ጋዜጠኞች ኩዌት ውስጥ ባልና ሚስት መስለው የቤት ሠራተኛ ፍለጋ ወጡ። ፎርሴል በሚባል የመገበያያ አፕ 57 ሰዎችን አነጋገሩ። አፑ ሴቶቹን በዘርና በዋጋ ለይቶ ያሳይ ነበር። ከጊኒ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ በ3,800 ዶላር ቀረበችላቸው። በኩዌት ሕግ የቤት ሠራተኛ ዕድሜዋ ከ21 ማነስ የለበትም።

ማስታወቂያዎቹ ላይ «ሽያጭ» አይባልም። «ለዝውውር» ነው የሚባለው። ከፋላ በሚባለው የስፖንሰርነት ሥርዓት የሴትዮዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። አሠሪው ወረቀቱን ለሌላ ሰው ሲያዞር ገንዘብ ይቀበላል። እሷን የሚጠይቃት የለም። በ600 ዲናር ወስደው በ1,000 የሚሸጡ እንዳሉ ለጋዜጠኞቹ ተነግሯቸዋል።

ሻጮቹ የሰጡትን ምክር ደግሞ ስሙት። ፓስፖርቷን ያዙ። ከቤት አታስወጧት። ስልክ አትስጧት።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። የተሸጠችው በስልክ ነው። «ድረሱልኝ» የምትልበት ስልክ ግን ይከለከላል።

[ምስል፦ የቴሌግራም ቻናል።]

ነገሩ ለብዙዎች ገና አገር ቤት እያሉ ይጀምራል። ድሮ ደላላው የሰፈር ሰው ነበር። ልጅቷ ድምጿ ሲጠፋ እናት ደጁ ድረስ ሄዳ ትይዘዋለች። ዛሬ ደላላው የቴሌግራም ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። «ቪዛ ደርሷል፣ ብር አስገቢ» ይላል። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውንም የደርሶ መልስ ትኬቱንም ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። የቪዛ ክፈይ የሚል መልእክት ከመጣ፣ እዚያው ላይ ቁሙ።

ከቢቢሲ ዘገባ በኋላ ፎርሴል የቤት ሠራተኞችን ክፍል አነሳ። ፌስቡክም ለንግዱ የሚያገለግለውን ሃሽታግ አገደ። አፕልም በዚያው ዓመት በዚሁ ጉዳይ ፌስቡክን ከአፕ መደብሩ አስወጣለሁ ብሎ አስፈራርቶ ነበር። ይህ የታወቀው ግን በ2021 ነው። በዚያው በ2021 የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ፌስቡክ ላይ በዐረብኛ «ኻዲማ» (የቤት ሠራተኛ) ብለው ሲፈልጉ የአፍሪካና የእስያ ሴቶች ፎቶ፣ ከነዕድሜና ከነዋጋቸው፣ አሁንም ይወጣ ነበር።

[ምስል፦ ቤሩት፣ ምሽት። መስኮት ላይ የስልክ ብርሃን።]

ሊባኖስ ውስጥ «እኛ ለኛ በስደት» የሚባል ማኅበር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ያቋቋሙት ራሳቸው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያት ናቸው። ስልኳን መደበቅ የቻለች ሴት እንዲህ ላሉ እህቶች አንድ መልእክት ከላከች የሚሰማት ታገኛለች።

ልጅ ወይም እህት የምትልኩ ከሆነ የፓስፖርቷንና የውሏን ፎቶ እናንተ ዘንድ አስቀሩ። የአሠሪዋን ስምና አድራሻ ጻፉ። እሷ ደግሞ አንድ ስልክ ቁጥር በቃሏ ትያዝ፤ ስልኩ ሲወሰድ ቁጥሩም አብሮ እንዳይሄድ።